የጣሪያ የኃይል ቁጠባ ደንብና የክዳን ቁሳቁስ ፍተሻ በካሊፎርኒያ

የጣሪያ የኃይል ቁጠባ ደንብ አንድ ሕንፃ በጣሪያው በኩል የሚቀበለውንና የሚያጣውን ሙቀት በመገደብ ለማቀዝቀዣና ለማሞቂያ የሚወጣውን ኃይል ለመቀነስ የሚደነገግ፣ በሕግ የጸና ቴክኒካዊ መስፈርት ነው። ደንቡ የሚያዘው በቁጥር በመሆኑ ያለ ፍተሻ ሊቆም አይችልም፤ የትኛው ክዳን መስፈርቱን እንደሚያሟላ የሚታወቀው አስቀድሞ በስምምነት በተወሰነ ዘዴ ሲለካ ብቻ ነው። ደንብና ፍተሻ ተያይዘው ያደጉበትን ሂደት በግልጽ ከሚያሳዩ ስፍራዎች አንዷ የአሜሪካዋ የካሊፎርኒያ ግዛት ናት። የግዛቲቱ የሕንፃ ሕግ «ርዕስ 24» ይባላል፤ የኃይል ጉዳይ የሚገኘው በክፍል 6 ውስጥ ነው። (በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የጣሪያ ሙቀት ከየት ይመጣል

ጥርት ባለ ሰማይ ቀትር ላይ አንድ ካሬ ሜትር አግድም ጣሪያ 1000 ዋት የሚጠጋ የፀሐይ ኃይል ያርፍበታል። ከዚህ ኃይል 5 ከመቶ ያህሉ አልትራቫዮሌት፣ 43 ከመቶው ዐይን የሚያየው ብርሃን ሲሆን ቀሪው፣ ማለትም ከግማሽ ጥቂት የሚበልጠው፣ ለዐይን የማይታየው ቅርብ ኢንፍራሬድ ነው። ክዳኑ ከዚህ ሁሉ ጨረር የሚመልሰው ክፍልፋይ «የፀሐይ አንጸባራቂነት» ይባላል፤ ከ0 እስከ 1 ባለው ቁጥርም ይገለጻል። አንጸባራቂነቱ 0.05 የሆነ ጥቁር ክዳን ከ1000 ዋት 950ውን ይውጣል፤ 0.80 የሆነ ነጭ ክዳን ግን የሚውጠው 200 ዋት ብቻ ነው። በጣሪያ ላይ የሚደረግ ሌላ ማሻሻያ ይህን የሚያህል ልዩነት በዚህን ያህል ዝቅተኛ ወጪ ሊያመጣ መቻሉ ያጠራጥራል።

የተዋጠው ሙቀት ደግሞ መውጫ ይፈልጋል። የጋለ ገጽ ሙቀቱን በረጅም ሞገድ ኢንፍራሬድ መልክ ወደ ሰማይ መልሶ የሚለቅበት አቅም «ሙቀት ለቃቂነት» ይባላል፤ እሱም ከ0 እስከ 1 ይለካል። ቀለም የተቀባ ገጽ፣ ሸክላ፣ ሲሚንቶና ሬንጅ በአብዛኛው ከ0.80 በላይ ለቃቂነት ሲኖራቸው ያልተቀባ ብረት ግን ለቃቂነቱ እጅግ ዝቅተኛ ነው። በኢትዮጵያ ከተሞች በብዛት የሚታየው በዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ አዲስ ሳለ ዐይን እስኪያጭበረብር ድረስ ብርሃን የሚመልስ ቢሆንም ፀሐይ ላይ በእጅ የማይነካ እስኪሆን የሚግለው በዚህ ምክንያት ነው፤ የዋጣትን ጥቂት ሙቀት በጨረር መልክ በደንብ መልቀቅ አይችልም። ስለዚህ የጣሪያን ቅዝቃዜ በማንጸባረቅ አቅሙ ብቻ የሚገምት ሰው በብረት ክዳን ላይ መሳሳቱ አይቀርም፤ ደንቡም ሁለቱንም ቁጥሮች አንድ ላይ የሚጠይቀው ለዚሁ ነው።

ሁለቱን አጣምሮ በአንድ ቁጥር የሚገልጸው መለኪያ «የፀሐይ አንጸባራቂነት ኢንዴክስ» ነው። ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. የተባለው ዓለም አቀፍ የደረጃዎች ድርጅት ባወጣው «ኢ 1980» በተሰኘው ሰነድ መሠረት የአየሩ ሙቀት 37፣ የሰማዩ ደግሞ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የፀሐዩ ኃይል 1000 ዋት፣ ነፋሱም መካከለኛ ነው ተብሎ የክዳኑ ገጽ የሚደርስበት የሙቀት መጠን ይሰላል። በዚሁ ሁኔታ አንጸባራቂነቱ 0.05 የሆነው መነሻ ጥቁር ገጽ 0፣ አንጸባራቂነቱ 0.80 የሆነው መነሻ ነጭ ገጽ 100 ይሰጣቸዋል፤ የሁለቱም ለቃቂነት 0.90 ነው። ሌላው ክዳን ሁሉ ከነዚህ አንጻር ይመደባል፤ ከ100 በላይ ወይም ከ0 በታች መውጣትም ይቻላል።

ደንቡ እንዴት መጣ

ካሊፎርኒያ የኃይል ኮሚሽኗን ያቋቋመችው በ1974 በወጣ ሕግ ሲሆን የመጀመሪያው የሕንፃ ኃይል ደንብ በ1978 ሥራ ላይ ዋለ። በዚያ ዘመን የነበረው አሳብ ያተኮረው በሙቀት መከላከያ ንጣፍ ላይ ነበር፤ የክዳኑ ቀለም የግዛት ጉዳይ ይሆናል ብሎ የጠበቀ ሰው ጥቂት ነው። ለውጡን ያመጣው የሎረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ሥራ ነው። በኤንሪኮ ፌርሚ ሥር የተማረውና ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ ከቅንጣት ፊዚክስ ወደ ኃይል ቁጠባ የዞረው አርተር ሮዘንፌልድ፣ ከሃሼም አክባሪና ከሌሎች ባልደረቦቹ ጋር፣ ከተሞች ከዙሪያቸው ገጠር ይልቅ የሚሞቁበትን ምክንያት አጠና። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሳክራሜንቶ ውስጥ በአንድ መኖሪያ ቤትና በትምህርት ቤት ክፍሎች ጣሪያ ላይ በተደረገ ልኬት፣ ክዳን ነጭ ሲቀባ የማቀዝቀዣ ኃይል ፍጆታ በግልጽ እንደሚቀንስ ተረጋገጠ። ሮዘንፌልድ ከ2000 እስከ 2010 የኃይል ኮሚሽኑ አባል ሆኖ በማገልገሉ በላቦራቶሪ ያየውን ወደ ሕግ ለማምጣት ሰፊ ዕድል አገኘ፤ ሳይንቲስት ራሱ በለካው ነገር ላይ ሕግ አውጪ የሚሆንበት አጋጣሚ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

በ2000 እና በ2001 ግዛቲቱን የመታው የኤሌክትሪክ ቀውስ ጉዳዩን አፋጠነው። የበጋ ከሰዓት የማቀዝቀዣ ፍላጎት መረቡን በሚያስጨንቅበት በዚያ ወቅት ኮሚሽኑ በ2001 ደንቡን በአስቸኳይ አሻሽሎ ቀዝቃዛ ጣሪያን በአማራጭነት ተቀበለ፤ ማለትም ግንበኛው ነጭ ክዳን ቢጠቀም በስሌቱ ይቆጠርለታል፣ ባይጠቀምም አይገደድም። በ2005ቱ ደንብ ተዳፋትነታቸው ዝቅተኛ የሆኑ የንግድ፣ የቢሮና መሰል ሕንፃዎች ጣሪያ መሠረታዊ መስፈርት ተደረገለት፤ በ2008ቱ ደግሞ መኖሪያ ቤቶችና ተዳፋት ጣሪያዎች ተጨመሩ። በሐምሌ 2014 የጸናው የ2013ቱ ደንብ ዝቅተኛ ተዳፋት ላላቸው እነዚሁ መኖሪያ ያልሆኑ ሕንፃዎች ያረጀ አንጸባራቂነትን፣ ማለትም ክዳኑ ለዓመታት ከቆየ በኋላ የሚኖረውን፣ ከ0.55 ወደ 0.63 ከፍ አደረገው፤ ለቃቂነቱ 0.75፣ ወይም በሁለቱ ፈንታ ኢንዴክሱ 75 መሆን አለበት። ዝቅተኛና ከፍተኛ ተዳፋትን የሚለየው ወሰን በ12 እጅ አግድም ርቀት 2 እጅ ከፍታ ነው።

ለተዳፋት መኖሪያ ቤት የሚጠየቀው ያረጀ አንጸባራቂነት 0.20 ብቻ መሆኑ ሊያስገርም ይችላል። ተዳፋት ጣሪያ ከመንገድ ስለሚታይ ባለቤቶች ነጭን አይወዱም፤ ጥቁር መሳይ የሬንጅ ሽንግል ደግሞ በተለምዶ ከፀሐይ ጨረር እጅግ ጥቂቱን ብቻ ይመልሳል። መፍትሔው የተገኘው ከማይታየው የጨረር ክፍል ነው፤ ቀለም ሠሪዎች የሚታየውን ብርሃን እንደ ቡኒ ወይም እንደ ግራጫ የሚውጡ፣ ቅርብ ኢንፍራሬዱን ግን የሚመልሱ ማቅለሚያዎች በማዘጋጀታቸው ጥቁር መስሎ የሚታይ ክዳን ከወትሮው ያነሰ እንዲግል ተቻለ።

ግዛቲቱ በ16 የአየር ንብረት ቀጣናዎች የተከፈለች ሲሆን መስፈርቱ እንደ ቀጣናው ይለያያል። ከቀዝቃዛው የሰሜን ጠረፍ እስከ ኢምፔሪያል ሸለቆ በረሃ ድረስ አንድ ቁጥር መደንገግ በጠረፉ ማሞቂያ የሚያበዛ፣ በበረሃውም የማይበቃ ይሆን ነበር። ቁጥሮቹን ወደ ሌላ አገር እንዳሉ መገልበጥ የማይበጀውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከባሕር ወለል 2300 ሜትር በላይ ለምትገኘውና ሌሊቷ ለሚበርደው አዲስ አበባ የሚስማማ መስፈርት ለድሬዳዋ ወይም ለሰመራ አይስማማም። ደንቡ ማካካሻም ይፈቅዳል፤ ክዳኑ ከሚፈለገው በታች ከሆነ የሙቀት መከላከያውን በማወፈር፣ ወይም ሕንፃውን በሙሉ በኮምፒውተር በማስላት ጠቅላላ ፍጆታው እንደማይበልጥ በማሳየት ማለፍ ይቻላል። በፀሐይ ኃይል ማመንጫ ሰሌዳ የተሸፈነ የጣሪያ ክፍል ከግዴታው ነፃ ነው።

የገጽ ልኬት

የአነስተኛና ወጥ ናሙናን አንጸባራቂነት ለመለካት እጅግ ትክክለኛው የኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. ዘዴ «ኢ 903» ነው። ናሙናው ውስጡ ነጭ በተለበጠ ባዶ ሉል ቀዳዳ ላይ ይደረጋል፤ ሉሉ በየአቅጣጫው የተበተነውን ጨረር ሰብስቦ ለመለኪያው ያቀርባል፤ ውጤቱም በየሞገድ ርዝመቱ ተለክቶ በፀሐይ ጨረር ስርጭት ይመዘናል። የትኛው ስርጭት እንደሚወሰድ ቀላል ጥያቄ አይደለም። በቀጥታ ከፀሐይ የሚመጣውን ጨረር ብቻ የሚወስደው የቀድሞ ስርጭት ኢንፍራሬድ ስለሚበዛበት ከላይ የተገለጹትን ጥቁር መሳይ ቀዝቃዛ ክዳኖች ከእውነተኛ አቅማቸው በላይ ያሳያል፤ የበርክሌይ ተመራማሪዎች ከሰማይ ሁሉ በአግድም ገጽ ላይ የሚያርፈው ጨረር የተሻለ መነሻ መሆኑን ያሳዩትም ይህን በማስተዋል ነው።

በ«ሲ 1549» በእጅ የሚያዝ መሣሪያ በሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ስፋት ላይ ይለካል፤ ፈጣን በመሆኑ በሰፊው ይሠራበታል። እንደ ሽንግል ዝንጉርጉር የሆነ ክዳን ግን አንድ ነጥብ ላይ ተለክቶ አይበቃም፤ በዘፈቀደ በተመረጡ ብዙ ነጥቦች ተለክቶ አማካዩ ይወሰዳል። በ«ኢ 1918» ደግሞ የጨረር መለኪያው ከጣሪያው 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በጠራ ቀን አንድ ጊዜ ወደ ሰማይ፣ አንድ ጊዜ ወደ ጣሪያው ይዞርና የሁለቱ ንባብ ይካፈላል፤ ለዚህ ጎኑ 4 ሜትር ያህል የሆነ ስፍራ ያስፈልጋል። ለቃቂነት የሚለካው «ሲ 1371» በተባለው ዘዴ ነው፤ 82 ዲግሪ ገደማ የጋለ መለኪያ ናሙናው ላይ ተደፍቶ በመካከላቸው የሚያልፈው የሙቀት ጨረር ለቃቂነታቸው ከታወቀ ሁለት ገጾች ጋር ይነጻጸራል።

ያረጀ ክዳን

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ አዲሱ ክዳን ስንት ይመልሳል የሚለው ሳይሆን ከዓመታት በኋላ ስንት ይመልሳል የሚለው ነው። አቧራ፣ ጥላሸት፣ ሻጋታና አልጌ ነጩን ያጠቁሩታል። በ1998 የተቋቋመው የቀዝቃዛ ጣሪያ ደረጃ ሰጪ ምክር ቤት በዚህ ረገድ ያደረገው አስተዋጽኦ ከሌላው ሥራው ሁሉ ይልቃል። ምክር ቤቱ ራሱ ዝቅተኛ መስፈርት አያወጣም፤ ፈቃድ ያላቸው ላቦራቶሪዎች የለኩትን መዝግቦ ያሳውቃል፣ ምርቶችንም ከገበያ በዘፈቀደ አስመርጦ መልሶ ያስለካል። ናሙናዎች በሞቃትና እርጥቡ ፍሎሪዳ፣ በሞቃትና ደረቁ አሪዞና እንዲሁም በቀዝቃዛው ኦሃዮ ለ3 ዓመት ከቤት ውጭ ይቆያሉ፤ የሦስቱ አማካይ የምርቱ ያረጀ ዋጋ ይሆናል።

3 ዓመት ለአዲስ ምርት ረጅም ጊዜ ነው። ስለዚህ የካሊፎርኒያ ደንብ ያረጀ ዋጋ ላልተመዘገበለት ምርት ስሌት ደነገገ፤ ከመጀመሪያው አንጸባራቂነት 0.20 ይቀነሳል፣ ቀሪው በ0.70 ይባዛል፣ በመጨረሻም 0.20 ይመለስለታል፤ በጣሪያው ላይ ለሚቀባ ቀለም ማባዣው 0.65 ነው። በዚህ መሠረት 0.80 ይዞ የተነሣ ነጭ ንጣፍ 0.62 ያገኛል፤ ከሚፈለገው 0.63 በአንዲት መቶኛ አንሶ ይወድቃል ማለት ነው። ስሌቱ ሆን ተብሎ ጠበቅ በመደረጉ አምራቹ ግምትን ትቶ እውነተኛውን ፍተሻ እንዲመርጥ ይገፋፋዋል፤ ይህም ከደንቡ ድንጋጌዎች ሁሉ በብልሃት የተሠራው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኋላም «ዲ 7897» የተሰኘ ዘዴ ወጣ፤ የሸክላ አፈርና የብረት ዝገት፣ ጨው፣ ጥላሸትና የበሰበሰ እፀዋት ውጤት የተቀላቀለበት ውኃ በናሙናው ላይ ይረጫል፣ ከመረጨቱ በፊትና በኋላ በአልትራቫዮሌትና በእርጥበት ይፈተናል፤ የ3 ዓመቱ እድፍ በጥቂት ቀናት ይመሰላል። ምክር ቤቱ ውጤቱን የሚቀበለው የሜዳው ልኬት እስኪደርስ ድረስ በጊዜያዊነት ነው።

ከክዳኑ ሥር

የሙቀት መከላከያ ንጣፍ የሚፈተነው በሞቃትና በቀዝቃዛ ሰሌዳ መካከል ተደርጎ የሚያልፍበት ሙቀት ሲለካ ነው፤ ዘዴው «ሲ 518» ይባላል። እርጅና እዚህም አለ። በፖሊአይሶሳያኑሬት አረፋ ሕዋሶች ውስጥ የታሰረው ሙቀት የማያስተላልፍ ጋዝ ቀስ በቀስ ወጥቶ አየር ስለሚተካው የመከላከል አቅሙ ይቀንሳል፤ ስለዚህ አረፋው በስሱ ተቆርጦ እርጅናው እንዲፈጥን ይደረግና ከ5 ዓመት በኋላ የሚኖረው ዋጋ ይተነበያል፤ ይህም የ15 ዓመት አማካዩን ይወክላል ተብሎ ይወሰዳል። ንጣፉን ሰንጥቀው የሚያልፉት የብረት ማሰሪያዎች የሚያሾልኩት ሙቀት በትንሽ ናሙና ስለማይታይ ሙሉው የጣሪያ ቁራጭ «ሲ 1363» በተባለው ዘዴ አንድ ወገኑ ሞቃት፣ ሌላው ቀዝቃዛ በሆነ ሳጥን መካከል ይፈተናል። የእሳት፣ የነፋስና የበረዶ ድንጋይ ፍተሻዎች በሌሎች የሕንፃ ሕግ ክፍሎች የሚጠየቁ ሲሆን በኃይል ፍተሻ ያለፈ ክዳን ከእነሱ ነፃ አይሆንም።

ደንቡ በሥራ ቦታ የሚፈጸመው በሰነድ ነው። ወደ ግንባታው የሚመጣው ምርት የምክር ቤቱን መለያ የያዘ መሆን አለበት፤ መለያው የመጀመሪያውንና ያረጀውን ዋጋ ጎን ለጎን ያሳያል። በጣሪያ ላይ የሚቀባ ቀለም ግን በላቦራቶሪ የተለካውን ያህል የሚመልሰው ውፍረቱ ሲጠበቅ ብቻ በመሆኑ፣ ደንቡ ቀለሙ በመላው ጣሪያ ላይ አምራቹ ባዘዘው የደረቅ ውፍረት ወይም የሽፋን መጠን እንዲቀባ ያስገድዳል፤ ተቋራጩም ይህን መፈጸሙን በፊርማው አረጋግጦ ለከተማው የሕንፃ ተቆጣጣሪ ያስረክባል።