በጦር ሜዳ የወደቁ የኢትዮጵያ የጦር መሪዎች፦ ሕይወታቸውና አመራራቸው

ኢትዮጵያ ከ1860 እስከ 1928 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ከውጭ ኃይሎች ጋር ባደረገቻቸው ጦርነቶች በርካታ የጦር መሪዎቿን በውጊያ ላይ አጥታለች። ይህ ጽሑፍ ከእነዚህ መካከል የአምስቱን ሕይወትና አመራር በአጭሩ ያቀርባል፤ መሪው ከወደቀ በኋላ ሠራዊቱ ምን እንደሆነም ያሳያል። የተጠቀሱት ዓመታትና ቀናት በሙሉ በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ናቸው።

የአዛዡ ስፍራና የማዕረግ ስሞች

በቀድሞው የኢትዮጵያ ሠራዊት የማዕረግ ስሞች አዛዡ በሰልፍ ላይ የሚይዘውን ስፍራ ያመለክታሉ። ፊታውራሪ የግንባር ቀደሙን ጦር፣ ቀኛዝማች የቀኙን ክንፍ፣ ግራዝማች ደግሞ የግራውን ክንፍ የሚመራ ነው። አዛዡ ሠራዊቱን የሚያበረታው በፊቱ በመገኘት ስለነበረ፣ ለከፍተኛ ማዕረግ መብቃት ለጥይት ይበልጥ መጋለጥ ማለት ነበር። ወታደሩም ብዙውን ጊዜ ታማኝነቱን የሚሰጠው ለሚያስተዳድረውና ለሚያበላው መኳንንት በመሆኑ፣ የአንድ አዛዥ መውደቅ የብዙ ሺህ ተከታዮቹን ልብ የሚነካ ነገር ነበር።

ፊታውራሪ ገብርዬ (አሮጌ፣ 1860 ዓ.ም.)

ፊታውራሪ ገብርዬ የዐፄ ቴዎድሮስ የቅርብ ባለሟልና ዋና የጦር አዛዥ ነበሩ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በዕለተ ስቅለት፣ በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ በተቃረበ ጊዜ ሠራዊቱን እየመሩ ከተራራው ወደ አሮጌ ሜዳ ወረዱ። እንግሊዞች ከኋላ የሚጎርሱ ጠመንጃዎችና ሮኬቶች ታጥቀው ስለነበር፣ አብዛኛው የኢትዮጵያ ጦር ለጦርና ለጎራዴ ፍልሚያ ከመቅረቡ በፊት ተመታ። ገብርዬ በዚሁ ውጊያ ወደቁ። ዐፄ ቴዎድሮስ በማግስቱ ከእንግሊዞች ጋር መልእክት መለዋወጥ ጀመሩ፤ ሚያዝያ 6 ቀንም መቅደላ ሲያዝ በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን አጠፉ።

ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ (መተማ፣ 1881 ዓ.ም.)

ዐፄ ዮሐንስ የግብፅን ወራሪ ጦር በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ድል የነሱ መሪ ናቸው። የሱዳን መሐዲስቶች በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ወርረው አብያተ ክርስቲያናቷን ካቃጠሉ በኋላ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊታቸውን ይዘው ወደ መተማ ዘመቱ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በተደረገው ውጊያ የኢትዮጵያ ጦር የጠላትን ምሽግ ሰብሮ ገብቶ ድሉ ሊጠናቀቅ ሲቃረብ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ቆሰሉ። ራስ መንገሻን ወራሻቸው አድርገው ካስታወቁ በኋላ ዐረፉ።

የሞታቸው ዜና እንደ ተሰማ ሠራዊቱ የያዘውን ድል ትቶ አፈገፈገ፤ አስከሬናቸውም በመሐዲስቶች እጅ ወደቀ። ጉዳቱ በጦር ሜዳው ብቻ አልቀረም። በዙፋኑ ላይ ክርክር ተነሣ፤ በሰሜን በተፈጠረው የኃይል ክፍተትም ጣልያን በዚያው ዓመት ክረምት አሥመራን ያዘች።

ፊታውራሪ ገበየሁ (ዐድዋ፣ 1888 ዓ.ም.)

በፈረስ ስማቸው አባ ጎራ የሚባሉት ፊታውራሪ ገበየሁ የዐፄ ምኒልክ ግንባር ቀደም ጦር አዛዥ ነበሩ። ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. የጣልያን ሻለቃ ቶዜሊ ጦር በተደመሰሰበት በአምባላጌ ውጊያ ስማቸው ጎልቶ ወጣ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ፣ የጄኔራል አልበርቶኔ ብርጌድ ከሌሎቹ ተነጥሎ ወደፊት በገፋ ጊዜ ገበየሁ ከግንባር ሆነው ሲዋጉ ወደቁ።

በዚህ ውጊያ ግን የአዛዡ መውደቅ ሠራዊቱን አልበተነም። የንጉሠ ነገሥቱ፣ የእቴጌ ጣይቱና የራሶቹ ጦር በየስፍራው ቆሞ ስለነበር፣ ግንባሩ ላይ የተከፈተው ክፍተት በሌሎች ተሸፈነ፤ የአልበርቶኔ ብርጌድ ተሰበረ፤ አዛዡም ተማረከ። በጣልያን በኩል ጄኔራል አሪሞንዲና ጄኔራል ዳቦርሚዳ በዚሁ ዕለት ተገደሉ። ብርጌዶቹ ተራርቀው ስለነበር አንዱ ሌላውን ሊረዳ አልቻለም፤ እየተነጠሉም ተሸነፉ። በአንድ ቀን ሁለቱም ወገኖች ታላላቅ መሪዎችን አጡ፤ ጸንቶ የቆመው ግን አንዱ ሲወድቅ ሌላው የተተካበት ሠራዊት ነበር።

ደጃዝማች አፈወርቅ ወልደ ሰማያት (ቆራሄ፣ 1928 ዓ.ም.)

አፈወርቅ በኦጋዴን የቆራሄን ምሽግ እንዲጠብቁ የተሾሙት በግራዝማችነት ማዕረግ ነበር። የጣልያን አውሮፕላኖች በጥቅምት 1928 ዓ.ም. ምሽጉን ደጋግመው በቦምብ ሲደበድቡ አዛዡ ክፉኛ ቆሰሉ። ወደ ሕክምና እንዲወሰዱ ቢለመኑም፣ ከስፍራው ቢለዩ የወታደሩ ልብ ይሰበራል ብለው ስላመኑ እምቢ አሉ፤ ቁስላቸው አመርቅዞም ሕይወታቸው አለፈ። እንደ ፈሩትም የምሽጉ ጦር ከሞታቸው በኋላ ስፍራውን ለቀቀ፤ ጣልያኖችም ቆራሄን ያዙ። የደጃዝማችነት ማዕረግ የተሰጣቸው ከሞቱ በኋላ ነው።

ራስ ሙሉጌታ ይገዙ (ከአምባ አራዶም በኋላ፣ 1928 ዓ.ም.)

ራስ ሙሉጌታ በወጣትነታቸው በዐድዋ የዘመቱ፣ በኋላም የጦር ሚኒስትር የሆኑ አንጋፋ መሪ ነበሩ። በየካቲት 1928 ዓ.ም. አምባ አራዶምን ይዘው የማርሻል ባዶሊዮን ጦር ቢከላከሉም፣ ከባዱ መድፍና የአውሮፕላን ድብደባ ሠራዊታቸውን ጎዳው። ጣልያኖች አምባውን ለመክበብ በተቃረቡ ጊዜም ማፈግፈግ ግድ ሆነ። በማፈግፈጉ ላይ ልጃቸው ታደሰ ተገደለ፤ ራስ ሙሉጌታም ወደ ልጃቸው አስከሬን ተመልሰው ሳለ እርሳቸውም ተገደሉ።

በአምባ አራዶም ውጊያ ቢትወደድ መኰንን ደምሰውም ወድቀዋል። ተከታዮቻቸው ጦሩ እንዳይበተን በመስጋት ሞታቸውን ሰውረው አስከሬናቸውን ይዘው እንደ ተጓዙ ይነገራል። አምባ አራዶም ከተያዘ በኋላ በተምቤን የነበሩት የራስ ካሣና የራስ ሥዩም ጦሮች የኋላ መንገድ ለአደጋ ተጋለጠ።

ከታሪኩ የሚገኘው ትምህርት

እነዚህ መሪዎች ሠራዊታቸውን ያዘዙት ከሩቅ ሆነው ሳይሆን አደጋውን አብረው እየተካፈሉ ነው። ክብራቸውም፣ በሕዝብ ልብ የያዙት ስፍራም ከዚህ የመነጨ ነው። ይሁን እንጂ መተማና ቆራሄ እንደሚያሳዩት፣ የሠራዊቱ ጽናት በአንድ ሰው ሕይወት ላይ ብቻ ሲመሠረት በአንዲት ጥይት ወይም ቦምብ ሊፈርስ ይችላል። ዐድዋ የሚያሳየው ሌላውን ገጽታ ነው፤ ተተኪና ደጀን ባለበት ስፍራ የጀግናው መሥዋዕትነት ለድል ይበቃል። ስለዚህ የወደቁትን መሪዎች ማክበር ጀግንነታቸውን ከማውሳት ባሻገር ተተኪን በወቅቱ ማዘጋጀትንም ይጨምራል።

ታሪኩን በቅርበት ለማወቅ ለሚፈልጉ

የዐድዋ ድል በዓል በየዓመቱ የካቲት 23 ቀን፣ የአርበኞች ድል መታሰቢያ ደግሞ ሚያዝያ 27 ቀን በብሔራዊ ደረጃ ይከበራሉ። በአዲስ አበባ ፒያሳ የሚገኘው የዐድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም የዐድዋን ዘመቻ ታሪክ ለጎብኚዎች ያሳያል። የዘመኑን መጻሕፍትና ሰነዶች መመልከት የሚፈልጉ ተማሪዎችና ተመራማሪዎች በአዲስ አበባ በሚገኘው በብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት (ወመዘክር) መጠቀም ይችላሉ።