አሸናፊ ከበደ፦ የእረኛውን ዋሽንት ለኦርኬስትራ የጻፉ የሙዚቃ ሊቅ

በኢትዮጵያ ገጠር ዋሽንት የእረኛ ባልንጀራ ነው። ከሸምበቆ ተቆርጦ ይሠራል፤ ብዙውን ጊዜም አራት ቀዳዳዎች አሉት። ቀዳዳዎቹ በተራ ሲከፈቱና ሲዘጉ የሚገኙት አምስት ድምፆች ቅኝት ከሚመሠረትባቸው አምስት ድምፆች ጋር ይገጥማሉ። የእረኛው ዜማ ግን በጽሑፍ አይገኝም፤ ከታላቅ ወደ ታናሽ በጆሮ ይተላለፋል። ይህን ዜማ መነሻ አድርገው በኖታ ለኦርኬስትራ ከጻፉ ኢትዮጵያውያን መካከል ስማቸው ቀድሞ የሚነሣው ዶክተር አሸናፊ ከበደ ናቸው።

አሸናፊ እ.ኤ.አ. በ1938 በአዲስ አበባ ተወለዱ። ወደ አሜሪካ ተጉዘው በኒውዮርክ ግዛት፣ ሮቼስተር ከተማ በሚገኘው የኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1962ም የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን አገኙ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ዛሬ በቅዱስ ያሬድ ስም የሚጠራውን የሙዚቃ ትምህርት ቤት በማቋቋም ሥራ ግንባር ቀደም ሆኑ፤ የመጀመሪያው ዳይሬክተርም እሳቸው ነበሩ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው ይህ ትምህርት ቤት ፒያኖና ቫዮሊን ከሚያስተምርበት ግቢ ክራር፣ መሰንቆና ዋሽንትም ያስተምራል።

ከድርሰቶቻቸው ሁሉ ይበልጥ የታወቀው «እረኛው ባለዋሽንት» ነው። በዚህ ሥራ የእረኛውን ዋሽንት ቦታ የሚይዘው የምዕራባውያኑ ፍሉት ነው። ድርሰቱ የተሸከመው ጥያቄ ቀላል አልነበረም። በምዕራቡ የሙዚቃ ሥርዓት በርካታ መሣሪያዎች የተለያዩ ድምፆችን በአንድ ጊዜ እያሰሙ ኅብረ ድምፅ ይፈጥራሉ። የእረኛ ዜማ ግን ብቻውን የሚሄድ ነው፤ ውበቱም ድምፁን በማርገብገብ፣ በማንሸራተትና በትንፋሹ አጣጣል ላይ ያርፋል። ከሥሩ የሚደረደረው አጀብ ከከበደ ቅኝቱ ይዋጣል፤ ጨርሶ ከቀረ ደግሞ ኦርኬስትራው ሥራ ፈት ይሆናል። አሸናፊ ዜማውን ከፊት አስቀድመው አጀቡን በልክ በማድረግ ሁለቱን ለማስታረቅ ሞከሩ።

እ.ኤ.አ. በ1967 የሃንጋሪን መንግሥታዊ ኦርኬስትራ እየመሩ ሥራቸውን አሰምተዋል። ሃንጋሪ ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ባዕድ አገር አልነበረችም። ዞልታን ኮዳይና ቤላ ባርቶክ የተባሉት ሁለቱ የአገሪቱ ታላላቅ የሙዚቃ ደራስያን ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ጀምሮ ገጠር ለገጠር እየዞሩ የገበሬውን ዘፈን በመሰብሰብና ለድርሰቶቻቸው መሠረት በማድረግ ይታወቃሉ። የገበሬና የእረኛ ዜማ ለታላቅ የሙዚቃ አዳራሽ እንደሚበቃ በዚያ ምድር አስቀድሞ ታይቷል።

አሸናፊ ከደራሲነታቸው ባልተናነሰ በተመራማሪነታቸው ይጠቀሳሉ። በአሜሪካ ዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ የሕዝቦችን ሙዚቃ ከባህላቸው ጋር የሚመረምረውን የትምህርት ዘርፍ አጥንተው፣ በኢትዮጵያ ሙዚቃ እድገትና ባህላዊ መሠረት ላይ ባዘጋጁት የመመረቂያ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1971 የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ። እ.ኤ.አ. በ1975 አዝማሪን በገጣሚነቱና በሙዚቀኛነቱ የሚተነትን ጥናት አሳተሙ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ስለ ክራር ጻፉ፤ በገና የዳዊት መሣሪያ ተብሎ ሲከበር ክራር የሰይጣን መሣሪያ የተባለበትን አመለካከትም በጥናታቸው አነሡ። እ.ኤ.አ. በ1982 ለንባብ ያበቁት መጽሐፍ የአፍሪካንና የጥቁር አሜሪካውያንን የዜማ፣ የመሣሪያና የውዝዋዜ ቅርስ የሚያያይዝ ነው።

እነዚህ ጥናቶች ከድርሰቶቻቸው ተነጥለው የሚታዩ አይደሉም። አዝማሪ፣ እረኛና ባለክራር በየዘመናቸው ሲደነቁም ሲናቁም ኖረዋል። የሚያዜሙትን የሚያደንቅ ሕዝብ ሙያቸውን ዝቅ አድርጎ ያየበት ጊዜ ጥቂት አልነበረም። አሸናፊ ይህን ሙያ በምርምር ጽሑፍ የሚጠና፣ በኖታም የሚሰፍር ዕውቀት አድርገው አቀረቡት።

የኋለኛው ዘመናቸው ያለፈው ከአገር ርቀው ነው። በአሜሪካ በኩዊንስ ኮሌጅ፣ በብራንዳይስ ዩኒቨርሲቲና በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1998 በ60 ዓመታቸው ገደማ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የመሠረቱት ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን እያፈራ ሲቀጥል፣ መሥራቹ ግን የሕይወታቸውን ሰፊ ክፍል ያሳለፉት የባዕድ አገር ተማሪዎችን በማስተማር ነው።

መንገዱ ግን ተከታይ አላጣም። በያሬድ ትምህርት ቤትና በቡልጋሪያ የተማሩት ፒያኖ ተጫዋቹና ደራሲው ግርማ ይፍራሸዋ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት አልበም ውስጥ ዋሽንት የያዘውን እረኛ በርዕሱ የሚጠራ ሥራ ይገኛል። በዚሁ አልበም አምባሰልና እልልታም በፒያኖ ተሰምተዋል።

ዛሬ የእረኛው ልጅ ቀኑን በትምህርት ቤት ያሳልፋል፤ ስልክ በእጁ የገባለትም ሙዚቃን የሚሰማው ከዚያው ነው። ልጅ መማሩ የሚያስደስት ነው፤ ሆኖም በመስክ ላይ ከታላቅ ወደ ታናሽ ይተላለፍ የነበረው ዜማ ማስተላለፊያው እየጠበበ ነው። የአሸናፊ ከበደ ሥራ ለዚህ መልስ የሚሆን አንድ መንገድ ያሳያል፦ ዜማውን ከባለቤቱ መስማት፣ መቅረጽ፣ መጻፍ፣ ከዚያም አዲስ ነገር መፍጠር። ቀዳሚዎቹ ሦስቱ ካልተሠሩ ለአራተኛው የሚተርፍ ነገር አይኖርም።