ቀመሩ የማይመልሰው ጥያቄ

እስቲ የአንድ ከተማ ከንቲባ እንደሆናችሁ አስቡ። የአንዱ ሰፈር የፍሳሽ መስመር ተበላሽቷል፤ በሌላው ሰፈር የአረጋውያን ቤት ጣሪያ ያፈሳል። ያለው ገንዘብ ለሁለቱም አይበቃም። ማን ይወስን?

ጥያቄው በአሜሪካ ረጅም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. ከ1949ኙ የቤቶች ሕግ በኋላ፣ በፌዴራል ገንዘብ «የከተማ እድሳት» ተብሎ ብዙ ሰፈሮች ፈረሱ፤ በተለይ ጥቁሮች የሚኖሩባቸው። ነዋሪው ብዙም አልተጠየቀም።

በ1974 ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ የፈረሙት ሕግ የተበታተኑ ድጎማዎችን በአንድ ቋት ከተታቸው። ለከተሞች የሚከፋፈለውም በቀመር ሆነ፦ የሕዝብ ብዛት፣ ድህነት፣ የተጨናነቀ ቤት። ድህነት እጥፍ ይመዝናል። ምህንድስና ስለተማርኩ ቀመር ደስ ይለኛል፤ ግን ቀመርም ያዳላል። ሕዝባቸው የቀነሰ አሮጌ ከተሞች ተጎዱ። ስለዚህ በ1977 ከ1940 በፊት የተሠሩ ቤቶችን የሚቆጥር ሁለተኛ ቀመር ተጨመረ፤ ከተማው ከሁለቱ የሚሻለውን ያገኛል።

ቀመሩ ግን ስንት እንደሚደርስ እንጂ የት እንደሚውል አይናገርም። ለዚያ ከተማው ከ3 እስከ 5 ዓመት የሚያገለግል ዕቅድ፣ በየዓመቱም ዝርዝር የሥራ ዕቅድ ያወጣል። በዕቅዱ ላይ ትልቅ ለውጥ ሲያደርግ ረቂቁን ይፋ አድርጎ ለነዋሪው አስተያየት ቢያንስ 30 ቀን መስጠት አለበት። በ2020 ኮቪድ ሲመጣ ገንዘቡ ቶሎ እንዲደርስ ጊዜው እስከ 5 ቀን እንዲያጥር ተፈቀደ። ገንዘቡ ፈጠነ፤ ማስታወቂያውን ዘግይቶ ያየ ነዋሪ ግን አመለጠው።

ታዲያ የፍሳሽ መስመሩ ይቅደም ወይስ ጣሪያው? ይህን ቀመር አይመልሰውም። በእነዚያ ቀናት ወጥቶ የተናገረ ሰው ግን መልሱን ሊቀይረው ይችላል።