አዲስ አበባ፤ የሽርሽር ልጅ

ባለፈው እሁድ ጠዋት የአምስት ዓመት ልጄ ጫማዋን አድርጋ በሩ ላይ ቆመችና፣ «አባዬ፣ ዛሬ የት ነው የምንሄደው?» አለችኝ። «የትም» አልኳት። «የትም የት ነው?» ብላ ድርቅ! ሳቄ መጣ፤ መልሱ ግን አልመጣም። እኛ ኳስ ያባረርንበት የሰፈራችን ሜዳ ላይ ዛሬ ፎቅ ቆሟል። ባለፈው ወር ደግሞ፣ ስሙን ልተወውና፣ አንድ መዝናኛ ቦታ ወስጃት ነበር። ለመግቢያ፣ ለዥዋዥዌ፣ ለአይስክሬም እየተባለ ገና ሰዓት ሳይሞላ ኪሴ ተራቆተና እጇን ጎትቼ ወጣሁ። እሷም አለቀሰች፤ እኔም ውስጥ ውስጡን።

የሚገርመው ግን፣ ትንሽ ልጅ ይዞ በነጻ ወጣ የሚባልበት ቦታ የጠፋባት ይህቺው ከተማ ራሷ የሽርሽር ልጅ ናት። ቀልድ እንዳይመስላችሁ።

ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ መቀመጫቸው እንጦጦ ነበር። ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ለመከላከያ ይመች እንደሆነ እንጂ ለኑሮ አይመችም። ብርዱ ያንገበግባል፤ ማገዶውም እየራቀ ሄደ። ከታች ሜዳው ላይ ደግሞ የአካባቢው ኦሮሞ ፊንፊኔ የሚለው ፍልውሃ ይፈልቃል። የቤተ መንግሥቱ ሰው ለመታጠብም ለመፈወስም ወደዚያ እየወረደ፣ ድንኳን ተክሎ ይሰነብት ነበር። በ1879 ዓ.ም.፣ ንጉሡ ወደ ሐረር በዘመቱበት ወቅት፣ ጣይቱ ከፍልውሃው አጠገብ ቤት እንዲሠራ አደረጉ፤ ቦታውንም አዲስ አበባ አሉት። መኳንንቱም እየተከተሉ በየጉብታው ሰፈሩ። በአጭሩ፣ ነፋስ ሊቀበሉ የወረዱበትን ቦታ ወደዱትና እዚያው ቀሩ።

ታዲያ ታሪኩን እዚህ ላይ ብናቆመው አጉል ይሆናል። ያ ሜዳ ባዶ አልነበረም። ከብቱን የሚያሰማራበት፣ የሚኖርበት ሕዝብ ነበረው። ለአንዱ የመዝናኛ ሜዳ የሆነው ለሌላው ቀዬው ነበር። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከተማዋ ስታድግ የእንጦጦው ችግር ተከትሏት ወረደ። እንጨት አለቀ። ምኒልክ አዲስ አበባን ትተው በስተምዕራብ ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወሩ ሁሉ አስበው ነበር። ከተማዋን ያተረፋት በ1880ዎቹ መጨረሻ ግድም ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፤ ሲቆርጡትም መልሶ ያቆጠቁጣል። ዛሬ ልጆቻችን «ጫካ» እያሉ የሚሮጡበት የእንጦጦ ተዳፋት እንግዲህ በአመዛኙ የማገዶ እርሻ ነበር ማለት ነው። ለሽርሽር ብሎ የተከለው የለም።

አንድ አንባቢ፣ «ድሮ ሽርሽር የሚባል ነገር ነበር እንዴ?» ሊለኝ ይችላል። ቃሉ ነው እንጂ ነገሩስ ነበር። አያቶቻችን ልጅ አዝለው፣ ቆሎና ዳቦ ቋጥረው ሲወጡ «ልንዝናና ነው» አይሉም። «ለንግሥ»፣ «ለጸበል»፣ «ለጥምቀት» ነው የሚሉት። እንጦጦ ማርያም ደርሶ መመለስ ለልጅ እግር ትልቅ ጉዞ ነው። ጃንሜዳ በጥምቀት ቀን ለሕፃን ዓለም ማለት ነበር፤ ፈረስ፣ ዘፈን፣ ሸንኮራ፣ ሎሚ። ልጃገረዶችም በመስከረም አደይ አበባ ለቀማ ሜዳ ይወጣሉ። መውጫው ምክንያት ነበረው፤ ቲኬት ግን አልነበረውም።

መዝናናት ብቻውን የመውጫ ምክንያት እየሆነ የመጣው ከቢሮና ከደመወዝ ጋር ይመስለኛል። በ1909 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ አዲስ አበባ ሲደርስ ቢሾፍቱ ጎረቤት ሆነች። ንጉሠ ነገሥቱ ሳይቀሩ እዚያ ሐይቅ ዳር ማረፊያ ነበራቸው። መኪና ያለው ደግሞ ሶደሬ ፍልውሃ ውስጥ ሊዋኝ፣ ላንጋኖ አሸዋ ላይ ሊተኛ ይወርድ ጀመር። መኪና የሌለው ግን ከሰፈሩ አይርቅም። በደርግ ጊዜም የእሁዱ ጠዋት ለቀበሌ ስብሰባ፣ ማታውም ለሰዓት እላፊ ነበር። ስብሰባ ላይ እናቱ ጭን ላይ ተኝቶ ያደገ የኔ ዘመን ልጅ ብዙ ነው።

ቅርቡን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ2012 ዓ.ም. የታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ አንድነት ፓርክ ሆኖ ተከፈተ፤ በ2013 ዓ.ም. እንጦጦ ፓርክ ተመረቀ። ጥሩ ነው፤ አጥሩን ከውጭ ብቻ ያየነው ግቢ ሲከፈት ማን ይጠላል? ግን ፓርክ ሌላ፣ የሰፈር ሜዳ ሌላ። ፓርክ በዓመት ሁለቴ ይኬዳል፤ ሜዳ በየቀኑ ያስፈልጋል። ጃንሜዳን እንኳ ተመልከቱ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ የፒያሳው አትክልት ተራ እዚያ እንዲዛወር ተደረገ። ችግር ነበር፤ ይገባኛል። ሆኖም ቦታ በቸገረን ቁጥር መጀመሪያ የሚታየን የልጆች ሜዳ መሆኑ አይገርማችሁም? በሌላ በኩል፣ በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ አንዳንድ አውራ ጎዳናዎች እሁድ ጠዋት ለመኪና ሲዘጉ ልጆቹ አስፋልቱን እንዴት እንደወረሩት አይቻለሁ። ምንም አልተሠራላቸውም እኮ! መኪናው ዘወር አለላቸው፣ በቃ።

ወደ እሁዳችን ልመለስ። ውሃ፣ የተቀቀለ ድንችና ሹራብ ያዝን፤ በታክሲ ሽሮ ሜዳ ወርደን ዳገቱን በእግር ተያያዝነው። ከትንሽ ልጅ ጋር ዳገት መውጣት ሌላ ሙያ ነው። እኔ ጫፉ ላይ ያለውን ስመኝ እሷ ጉንዳን ታያለች። የባሕር ዛፍ ፍሬ ትለቅማለች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብዬ ተውኳት። ጫፍ አልደረስንም። ግማሽ መንገድ ላይ ተቀምጠን ድንቻችንን በላን፤ ከተማዋን ቁልቁል እያየን ስለ ጣይቱና ስለ ፍልውሃው ነገርኳት። «ገላቸውን ሊታጠቡ ሄደው ቀሩ?» ብላ ሳቀች።

በዚህ መሐል አንዲት እናት ከወገባቸው ጎብጠው፣ ከቁመታቸው የሚበልጥ የቅጠልና የጭራሮ ሸክም ተሸክመው ቁልቁል መጡ። ልጄ ዝም ብላ አየቻቸውና፣ «እሳቸውም ለሽርሽር ነው የመጡት?» አለችኝ።

ያዙልኝ ያልኳችሁ ይህን ነው። ያው ተራራ፣ ያው እሁድ፤ ለእኛ መዝናኛ፣ ለእሳቸው እንጀራ። «አይ፣ ሥራ ላይ ናቸው» አልኳት። «ልጅ የላቸውም?» አለች። እናትየው ሰምተዋል መሰለኝ ቆም አሉ፤ «አሉኝ የኔ ልጅ፤ ቤት ናቸው» አሏትና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ከዚያ ወዲህ ስለ መጫወቻ ቦታ ሳስብ የሚመጣብኝ የኔ ልጅ ለቅሶ ብቻ አይደለም። እኔ ባይኖረኝም ታክሲ ከፍዬ፣ ድንች ቀቅዬ ተራራ እወጣለሁ። ቤት የቀሩት እነዚያ ልጆች ግን ያላቸው ከበራቸው ፊት ያለችው ሜዳ ብቻ ናት። እሷ ታጥራ ፎቅ ሲቆምባት የሚያጡት የእሁድ መዝናኛ ብቻ አይደለም፤ ልጅነታቸውን ነው። በሽርሽር የተወለደች ከተማ ለልጆቿ መሮጫ ስትነፍግ እናትነቷ ምኑ ላይ ነው?