ዱጋ፦ መርባት

«ዱጋ» የሰሜን አውሮፓ ሰዎች ግስ ነው። ስዊድኖች ለአንድ ነገር «ዱጌር» ካሉ «ይሆናል፣ ምንም አይል» ማለታቸው ነው፤ አይስላንዶች «ዱጋር» ሲሉ «ይበቃል»። የፋሮ ደሴቶች ነዋሪዎች ደግሞ አንድን ቋንቋ መቻልን ሳይቀር በዚሁ ግስ ይናገራሉ። በጥንቱ የኖርስ ቋንቋ መርዳትም፣ መብቃትም፣ ጠቃሚ መሆንም በአንድ ቃል ይነገር ነበር። የስዊድኑ «ዲግድ»፣ ማለትም መልካም ምግባር፣ ከዚያው ሥር የበቀለ ነው።

በአማርኛ «መርባት» ቢባል እመርጣለሁ። «መጥቀም» ይቀርበዋል፤ ግን ገንዘብም ይጠቅማል፣ ዝናብም ይጠቅማል። «የረባ ሰው» ስንል ግን ሥራውንም ጠባዩንም አንድ ላይ መዝነን ነው። ረባ የግዕዙ ረብሐ፣ «አተረፈ»፣ ዘመድ ነው፤ ረብና እርባናም ከዚያው ቤት ናቸው።

ከዱጋ የወጣው የኖርዌዮች «ዱግናድ» ነው ለወሎ ሰው ይበልጥ የሚቀርበው። ድሮ ጎረቤት ጣሪያ ሲያለብስ ወይም ሰብል ሲሰበስብ ሰፈሩ ይወጣለት ነበር፤ ባለቤቱም ያበላ፣ ያጠጣ ነበር። ዛሬ በብዛት የሚታየው በጋራ መኖሪያ ቤቶች ነው፤ በረዶው እንደቀለጠ ነዋሪው መጥረጊያና አካፋ ይዞ ግቢውን ያጸዳል። ቃሉ እ.ኤ.አ. በ2004 በአንድ የኖርዌይ ቴሌቪዥን ዝግጅት የአገሪቱ መለያ ቃል ተብሎ ተመርጧል። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባም መንግሥት ሕዝቡን የጠራው በዚሁ ቃል ነበር።

ዱግናድ በሰሜን ወሎዋ ሀብሩ ጅጌ ነው። ከመርሳ ወጣ ብሎ ማሽላ ሲደርስ፣ የሰው እጅ ያጠረው ገበሬ ጎረቤቱን ይጠራል። ባለቤቱ ጠላ ይጠምቃል፤ ጠላ የማይጠጣው ሙስሊም ጎረቤትም አለና ብርዝ ይዘጋጃል። ማጭድ ያለው ማጭዱን ይዞ ይመጣል፤ ማንም ሒሳብ አይጠይቅም። ወንፈል ሌላ ነው፤ እዚያ ዛሬ ለእኔ የዋልከው ቀን ነገ ለአንተ ይመለሳል፣ ቀን በቀን ይቆጠራል።

ስለዚህ ዱግናድን «የበጎ ፈቃድ ሥራ» ብሎ መተርጎም አያጠግበኝም። በጎ ፈቃድ ያልፈለገ የሚቀርበት ነው። ከዱግናድ የቀረ ኖርዌያዊም ሆነ ከጅጌ የቀረ የሀብሩ ሰው ግን ማንም በሕግ ባይከሰው እንኳ ጎረቤቱ «ምነው ቀረህ?» ይለዋል። ለእርሻው ጅጌ፣ ለመኖሪያ ቤቱ ጽዳት ደግሞ «የግቢ ጅጌ» ብንል ኦስሎ ያለው ወሎዬም ወልድያ ላሉት ዘመዶቹ ቅዳሜ የት እንደዋለ ሳይቸገር ይነግራቸዋል።