የዋልያ ቀንድና የራስ ቅል አጠባበቅ

የስሜን ሰው ዋልያን ከጥንት ያውቀዋል፤ ቀንዱንም ዋንጫ ይሠራበት ነበር። ጀርመናዊው ሊቅ ኤድዋርድ ሩፔል እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1830ዎቹ መጀመሪያ አገሩን ጐብኝቶ፥ በ1835 ስለዚሁ አውሬ ጽፎ ለዓለም ሊቃውንት አስታወቀ፤ የሰበሰባቸውም እንስሳት በፍራንክፉርት ዜንከንበርግ ቤተ መዘክር ገቡ።

የዋንጫ ሠሪውና የቤተ መዘክሩ ሠራተኛ ሥራ የሚጀምረው ከአንድ ቦታ ነው። ቀንድ ውስጡ አጥንት፥ ላዩ እንደ ጥፍር ያለ ልባስ ነውና፤ ውሃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ በመካከላቸው ያለው ሥጋ ይበሰብስና ልባሱ ይወልቃል። ዋንጫ ሠሪው አጥንቱን ይጥለዋል፤ የቤተ መዘክሩ ሰው ግን ከራስ ቅሉ ጋራ ያኖረዋል። የራስ ቅሉን ሥጋ በል ጥንዚዛ ያጸዳዋል፥ ወይም በቀስታ በሚነድ እሳት ይቀቀላል፤ በኀይል ቢፈላ ግን ስፌቱ ይላቀቃል፥ ጥርሱም ይሰነጠቃል። በረኪናም አጥንትን ስለሚበላ አይነካውም። ልባሱ ከደረቀ በኋላ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ብል እንዳይበላውም ዘወትር ይጠበቃል።

ይህ ሁሉ ድካም ስለ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ በልባሱ ላይ ያለው ቀለበት የአውሬውን ዕድሜ ያስታውቃልና። ዋልያ ከኢትዮጵያ በቀር በዱር የሚኖርበት አገር የለም፤ በአደን እየተመናመነ ስለ መጣም እርሱን ለመጠበቅ ስሜን በ1969 ብሔራዊ ፓርክ ኾነ። እንግዲህ የተገኘበት ቦታ፥ ቀኑና ጾታው ያልተጻፈበት ቀንድ ግድግዳ ከማስጌጥ በቀር ምስክርነት የለውም፤ የተጻፈበት ግን ስለ ጠፉት መንጋዎች ለሚመጣው ትውልድ ይናገራል።