የመድን ገበያና የላስታ ገበሬ

ደርግ በ1967 ዓ.ም. 13 የመድን ኩባንያዎችን ወርሶ በአንድ ድርጅት ጠቀለላቸው። በአዋጅ ቁጥር 86/1986 ገበያው ለኢትዮጵያውያን ባለሀብቶች ሲከፈት ፉክክሩ ተመለሰ። ይሁን እንጂ ተፎካካሪዎቹ የሕክምና ዋስትና የሸጡት በአመዛኙ ሠራተኞቹን በጅምላ ለሚያስመዘግብ መሥሪያ ቤት ነው። ደመወዝ የሌለው፣ በላስታ ተራራ ገብስ የሚዘራው ገበሬ ከሒሳባቸው ውጭ ቀረ፤ ከመንደር መንደር እየዞሩ አረቦን መሰብሰቡ ብቻ ትርፉን ይበላዋልና። በወሎ ቅሬ የሚባለው ዕድርም ቢሆን ከሁሉ በፊት ለቀብር የቆመ ነው።

በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች፣ ከወሎም በተሁለደሬ ተሞክሮ ኋላ እስከ ላስታ የተስፋፋው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በፉክክር ፈንታ መዋጮን መረጠ። አባወራው በዓመት አንድ ጊዜ ይከፍላል፤ ለድኃ ድኃው መንግሥት ይከፍልለታል። ሸክምን በብዙ ምሰሶ ላይ ማደል ማለት ይኸው ነው። ጤነኛው አባል ከሸሸ ግን የወረዳው ቋት ይጎድላል፤ ከጤና ጣቢያው መድኃኒት ሲጠፋም ቀድሞ የሚሸሸው እርሱ ነው።